ኬሻው የሸፈነው ፍሬቻ

ፍሬቻዬ በርቶ ነበር። ይህን ለትራፊክ ፖሊሱ ተናግሬያለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ተናግሬያለሁ፤ ለመድን ሠራተኛውም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ውሸታም ያለኝ የለም። የገጨኝ የአይሱዙ ሾፌር እንኳ «አላበራም» አላለም፤ «እኔ አላየሁም» ነው ያለው። እሱም አልዋሸም። በእሱና በእኔ መካከል የነበረው አንድ ኬሻ እሸት ቡና ነው። የምመሰክረውም ስለዚያ ኬሻና እሱ ስላመጣው ጣጣ ነው።

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። ሥራዬ ለቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ከገበሬ እሸት ቡና ማሰባሰብ ነው። ቀዩ ፍሬ በሚለቀምባቸው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ማና ስል፣ ሰቃ ጨቆርሳ ስል፣ ቡና መጀመሪያ ተገኘባት የምትባለው ጮጬ ያለችበት ጎማ ድረስ ስል እከርማለሁ። ዙረቱ በሞተር ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስትከለክል ምክንያቷ ሞተር ለዘረፋ መዋሉ ነበር። እኛ ጋ ሞተር ቢከለከል ግን መጀመሪያ የሚቆመው ቡናው ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ ክትባቱን የሚያመላልሰው፣ መምህሩን ከትምህርት ቤቱ የሚያገናኘው እሱ ነው።

እሸት ቡና ማደር አይወድም። የሚታጠብ ከሆነ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ መብላላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለቅሞ፣ ጥሬውን ከቀዩ ለይቶ መሰብሰቢያው ጋ የሚደርሰው አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዚህ የተነሳ በመኸር የጅማ ዙሪያ መንገዶች የሚጨናነቁት በአመሻሹ ነው። አይሱዙው፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ የተጫነው አህያ፣ ከለቀማ የሚመለሰው እግረኛ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይወጣል። በኅዳር ጀንበር አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ምሽቱ አያዘግምም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። የቀኑ ብርሃን የማይበቃበት፣ የመኪና መብራት ደግሞ ገና ጎልቶ የማይታይበት ያ አጭር ጊዜ ከሌሊቱ ይብሳል። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ቡናው ግን አይጠብቅም።

የዚያን ዕለት የምመጣው ከአጋሮ መስመር ነበር። አይሱዙ ከማይገባበት መንደር የተረፈ አንድ ኬሻ ፖርቶ መጋላው ላይ ጭኛለሁ፤ ስልሳ ኪሎ ግድም ይሆናል። እርጥብ ፍሬ ሲጫን ወደ ጎንና ወደ ታች ያብጣል። ወደ ጣቢያው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ከአስፋልቱ በስተግራ ነው። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሞተረኛ ከፊቱ የሚመጣውንም ከኋላው ሊቀድመው የሚያስበውንም ባንድ ጊዜ መጠበቅ አለበት። ስፖኪዮ አየሁ፤ ከኋላ ርቆ ሁለት መብራት አለ። ፍሬቻ አበራሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም ስትል አየኋት። ወደ መሐል ተጠጋሁ፤ ማርሽ ቀነስኩ፤ ከፊት የሚመጣ የለም፤ መሪውን አዞርኩ።

ክላክስ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለው በቅደም ተከተል አይመጣልኝም። የብረት ድምፅ፣ ሰማይ፣ አፌ ውስጥ አፈር። አይሱዙው ሊቀድመኝ በግራዬ ወጥቶ ኖሯል፤ ስታጠፍበት ፍሬን ይዞ መሪውን ቢጠመዝዝም የፊት ጥጉ መሪዬንና ግራ እግሬን አገኘ። ቦይ ውስጥ በጀርባዬ ወድቄ ቀና ስል ደረቴ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ደሜ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኬሻው አፍ የፈሰሰ ቡና ነበር። ዋናው ጉዳት እግሬ ላይ ነው፤ ከጉልበቴ በታች በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ሕመሙ ወዲያው አልመጣም፤ ቀድሞ የመጣው ብርድ ነው፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ።

ሰው ተሰበሰበ። ከለቀማ ከሚመለሱት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ቀደደች፤ ሌላዋ ጃንጥላ አመጣች፤ እግሬን ከጃንጥላው ጋር አሰሩት። «አይዞህ ልጄ፣ አብሽር» ይሉኛል። ሾፌሩ አላመለጠም፤ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም፤ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ማምለጥ ቀላል ነበርና። ወርዶ አጠገቤ ተንበረከከ። «ወላሂ ሰው አላየሁም፤ ኬሻ ነው ያየሁት። ፍሬቻም አላየሁም» ይላል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ ተቆጡት፤ አንድ ወጣት ኮሌታውን ያዘው። «አብርቻለሁ» ለማለት ብሞክር ድምፄ አልወጣ አለኝ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ። ሞተሩ በጎኑ ወድቆ ጠፍቷል፤ ቁልፉ ግን አልተዘጋም። ፍሬቻውን የሚያበራ የሚያጠፋው ፍላሸር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የኬሻውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሳቡት። ከሥሩ ቢጫ ብርሃን ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ብልጭ አለ። ሲለቁት ኬሻው ተመልሶ ሸፈነው። ደግመው አነሱት። ሾፌሩን በእጃቸው ጠርተው አሳዩት እንጂ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ወጣቱም ኮሌታውን ለቀቀ። ኋላ የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ያንኑ ፎቶ አንስቶ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ጅማ የገባሁት በባጃጅ ነው። ስለዚያ ጉዞ የምለው፣ ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በቦታው አውቀዋለሁ። ሆስፒታል ስደርስ ሁለቱም የቅልጥሜ አጥንቶች መሰበራቸው ታየ፤ ብረት ገባልኝ። እናቴ «ወጌሻ ነው የሚያድንህ» ብላ ከሐኪሙ ጋር ብዙ ተከራከረች፤ አጎቴን ጭምር አሰልፋ መጣች። ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነው፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አጥንቱ የት የት እንደተለያየ በጣቱ አሳያት። ዝም አለች፤ ማታ ግን ቅቤ ይዛ መምጣቷን አልተወችም። በክፍሉ ውስጥ ከተኛነው አብዛኞቻችን የሞተር ጉዳተኞች ነበርን፤ የሁሉም ወሬ ሲጠቀለል አንድ ነው፦ «አላየሁህም አለኝ።»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት በአገራችን በአንድ ዓመት በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ከ27 ሺህ ይበልጣል። በአልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናትና ስለ ሞተር አደጋ የተጻፈ ነገር እየፈለገች ታነብልኝ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሃሪ ኸርት የተባለ ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን በየቦታው ሄዶ ካጠና በኋላ ያወጣው ዘገባ አለ። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው ውስጥ በሁለት ሦስተኛው የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ባለመኪናው ነው፤ የባለመኪናዎቹም ምላሽ በአብዛኛው «አላየሁትም» ወይም «ያየሁት ሲረፍድ ነው» የሚል ነበር። የእኔው ሾፌር ቃል ከሎስ አንጀለስ ሲመጣ ሳቅኩኝ፤ ስስቅ እግሬን አመመኝ።

ማሌዥያ ሞተረኞች በቀንም የፊት መብራት እንዲያበሩ እ.ኤ.አ. በ1992 ስታስገድድ፣ ባለመታየት የሚደርሰው አደጋ በ29 በመቶ ቀንሷል ተብሎ ተጽፏል። በኒውዚላንዷ ኦክላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያንጸባርቅ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የመጎዳት አደጋቸው በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የታክሲዎቹ ነገር ነው። ጆን ቮኤቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ ታክሲዎች ኋላ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ መብራት ቢያስር ከኋላ የሚደርሰው ግጭት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ የቤት መኪና ሦስተኛ የፍሬን መብራት ከፍ ተደርጎ እንዲገጠምለት ያስገደደችው ከዚህና ይህን ከመሰሉ ሙከራዎች በኋላ ነው። አዲስ ብልሃት የለበትም፤ ያው መብራት ነው፤ የተጨመረው የሾፌር ዓይን ወደሚያርፍበት ከፍታ ተጠግቶ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ ነው። የኔ ፍሬቻ ደግሞ ከፓራፋንጎው ጎን፣ ከኬሻ ሥር ነበር። የፋብሪካው መሐንዲስ ሞተሩን ሲሠራ አንድ ሰው ተቀምጦበት በንጹሕ አስፋልት ሲሄድ ነው ያሰበው። ስልሳ ኪሎ እሸት ቡናና የማና ጭቃ እሱ ጋ አልደረሱም።

ጀሶው ተፈትቶ በምርኩዝ መሄድ ስጀምር መጀመሪያ የሄድኩት የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ጋ ነው። የምፈልገውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አምፖል ብቻ ብደርብልህ ፍላሸሩ ይበላሻል» አለኝና ወረቀት ላይ አስላልኝ። የሞተሬ ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ የፍሬቻ አምፖሉ 10 ዋት። ስለዚህ አንዱ አምፖል አንድ አምፔር የማይሞላ ይወስዳል፤ በአንድ በኩል የፊትና የኋላው ተደምረው 1.7 አምፔር ያህል። ሌላ ሁለት ተመሳሳይ አምፖል ብጨምር ጭነቱ ወደ 3.3 ይደርሳል፤ ለሁለት አምፖል የተሠራ ፍላሸር ደግሞ ይህን አይሸከምም። አንዳንዱ ይጣደፋል፤ አንዳንዱ በርቶ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ ይቃጠላል። ፍሬቻ ሲጣደፍ ወይም በርቶ ሲቀር ምልክትነቱ ያበቃል፤ በዓለም አቀፉ ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲበራ የተወሰነው ለዚህ ነው፤ የሰው ዓይን ምልክት ብሎ የሚቀበለው ያንን ምት ነው። ልጁ ያመጣው መፍትሔ ኤልኢዲ ነበር። አንዱ የሚወስደው ከሁለት ዋት አይበልጥም፤ በነባሮቹ ላይ ቢደረብ ፍላሸሩ ልዩነቱን የሚያውቀው እምብዛም ነው። የድሮዎቹን አልነካናቸውም። ነባሩን አምፖል አውጥቶ ሁሉንም በኤልኢዲ የሚተካ ሰው ግን ፍላሸሩንም መቀየር አለበት፤ አለዚያ ጭነቱ ከልክ በላይ ያንስና ምቱ ይዛባል።

ቀጥሎ በያጅ ጋ ሄድን። ከቀጭን ቱቦላሬ ሁለት ዘንግ ተሠራ፤ ከፖርቶ መጋላው በሁለቱ ጎን ተነስቶ ከተጫነ ኬሻ በላይ፣ ወገቤ ትይዩ ይደርሳል። የቀኙና የግራው መብራት ኬሻው እስከሚፈቅደው ድረስ ተራራቁ። ዓለም አቀፉ የሞተር መብራት ደንብ ሁለቱ የኋላ ፍሬቻዎች በመካከላቸው ቢያንስ 180 ሚሊሜትር እንዲኖር ይጠይቃል፤ እኔ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው ያራራቅኩት። ሲቀራረቡ የፍሬን ቀዩ ቢጫውን ይውጠዋል፤ ከሩቅ የሚያይ ሾፌርም ግራ ይሁን ቀኝ አይለይለትም። ሽቦው በጎማ ቱቦ ውስጥ አለፈ። መጋጠሚያው ላይ ልጁ ፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ ሊሰጠኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የሚያባራበትን ቀን መቁጠር ይቀላል፤ ፕላስተር የተጠቀለለ መዳብ ክረምቱን ሳይጨርስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ተበየደና ጎማ ተሸፈነ። ዘንጉ ጭነት በሌለ ጊዜ የሚነቀልበት ሶኬትም ተደረገለት።

ቢጫውን የመረጥኩት ጭጋግ ይበሳል ብዬ አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያምናል። የጭጋግ ጠብታ ከብርሃን ሞገድ ብዙ እጥፍ ስለሚተልቅ ነጩንም ቢጫውንም እኩል ነው የሚበትነው። ቢጫ የፍሬቻ ቀለም ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሾፌር ሳያስብ ያውቀዋል።

ሰፈር ሳሳየው ልጆች ተንጫጩ። «ጋሼ፣ ሞተርህ ሰርግ አላት እንዴ?» አለችኝ ጀበና ይዛ በር ላይ የቆመች ጎረቤቴ። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት የኔን አይቶ ከዚያ በላይ የሄደውን ነው። አንዳንድ ወጣት ከፊት ነጭ ኤልኢዲ፣ ከኋላ ሰማያዊና ቀይ የሚርገበገብ እየገጠመ መንገዱን ሞልቶታል። ያ ዓይን ያሳውራል እንጂ አያሳይም። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ነጩ ብርሃን ከጭጋጉ ተመልሶ ባለቤቱንም ያደነዝዘዋል። ሁልጊዜ የሚርገበገብ መብራት ወዴት እንደምትታጠፍ ለማንም አይናገርም፤ «እዚህ ነኝ» ብቻ ይላል፣ እሱንም እየጮኸ። ሰማያዊና ቀይማ የአምቡላንስና የፖሊስ ነው። አንዱን ወንድሜን «ይህን አውልቅ» ብለው ተቀየመኝ፤ እስካሁን አይናገረኝም። ይሁን።

ጉዳዩ በሁለት በኩል ሄደ። አንደኛው በመድን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን መግባት ስላለበት አይሱዙውም ነበረው፤ የትራፊክ ፖሊሱ ፎቶም ብዙ ክርክር አሳጠረ። ሁለተኛው በሽምግልና ነው፤ ሾፌሩ ራሱ ሽማግሌ ልኮ መጣ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኬሻውን ያነሱት አባት ነበሩ። ቡና ተፈላ። «ምን ትፈልጋለህ፣ ተናገር» አሉኝ። ገንዘብ የሚጠብቁ መሰለኝ። እኔ የጠየቅኩት ሾፌሩ መኪናውን ይዞ አንድ አመሻሽ እንዲመጣልኝ ነው።

መጣ። ከከተማ ወጣ ብሎ መኪና በማይበዛበት ጥርጊያ ላይ ሞተሩን ኬሻ ጭነን አቆምነው፤ እሱ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠ፤ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጅ ፍሬቻውን እያበራ እያጠፋ፣ እኔ በምርኩዜ መሐል ቆሜ። ከቅርብ ጀምሮ ወደ ኋላ እየራቀ «አየሁ»፣ «አየሁ» ይላል። ርቀቱ ሲጨምር «ደከመ» አለ። ገረመን፤ እኛ ቆመን ስናየው ብሩህ ነው። ልጁ ሮጦ ጋቢናው ላይ ወጣና አየ፤ ተመልሶም ሳቀ። ኤልኢዲው ብርሃኑን ወደ ፊቱ ብቻ ነው የሚወረውረው፤ በያጁ ዘንጉን ሲያስር ትንሽ ወደ መሬት አዘንብሎታል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ችግር የለውም፤ ከፍ ብሎ ለተቀመጠ የአይሱዙ ሾፌር ግን ከዓይኑ በታች ያልፋል። እኔን ሊገጨኝ የሚችለው ደግሞ እሱ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀመጠው።

ሾፌሩ ወርዶ በጣቱ አሳየን፦ ግራው ይህን ያህል ወደ ላይ፣ ቀኙ ከዚያ ትንሽ አነስ። ከጋቢናው መፍቻ አምጥቶ ራሱ ፈታው፤ አሰረው፤ ተመልሶ ወጥቶ አየ፤ እንደገና ወርዶ አስተካከለ። በኬሻው ጀርባ ላይ የሚያንጸባርቅ ቁራጭ እንድለጥፍ የመከረኝም እሱ ነው፤ «ባትሪህ ቢሞት እንኳ የኔ መብራት ሲያርፍበት ያበራል» ብሎ። ሲጨልም ከጋቢናው ጭንቅላቱን አውጥቶ «አሁን ጥሩ ነው፤ ትልቅ መኪና ነው የሚመስለው» ብሎ ጮኸ። ለበያጁም፣ ለልጁም የከፈለው እሱ ነው።